ሳያንኳኳ የማይከፍተው ቁልፍ ሠሪ

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ ፀጉር አስተካካዩ ነው። የትኛው እንዳትሉኝ፤ ያ ራሱ መላጣ ሆኖ "የእኔ ፀጉር ያለቀው ስለ እናንተ ፀጉር ሳስብ ነው" እያለ ደንበኛ የሚያባብለው። ነጋሪው እሱ ይሁን እንጂ ተራኪው እኔ ነኝ። እሱ መቀስ ከእጁ ስለማይለይ ወሬንም መሐል ላይ ይቆርጣታል። እኔ ወሬ አልቆርጥም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ያልቆጠርኩትም ጊዜ አጥቼ ነው። ሚስቴ "ጊዜስ ነበረህ" ትላለች፤ እሷን ተዉአት። መጽሐፍ ሲያገላብጥ ያረጀ ሰው እንኳ እኔ ስጀምር ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል።

ሰውዬው ጋሽ ኳኳ ይባላል። ስሙ ይህ አይደለም፤ ግን በእውነተኛ ስሙ ብትጠሩት ወደ ኋላው ዞሮ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሥራው ቁልፍ መሥራት ነው። ሱቁ ከፀጉር ቤቱ ፊት ለፊት ከመንገዱ ማዶ ያለች የቆርቆሮ ኪዮስክ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ውስጧ የቁልፍ መቅረጫ ማሽን አለ፣ ሞረድ አለ፣ የዘይት ጣሳ አለ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ገና ጥርስ ያላወጡ ቁልፎች በምስማር ተሰቅለዋል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም ይንጫጫሉ።

ኳኳ የተባለበትን ልንገራችሁ። ይህ ሰው በር ሊከፍት ሲጠራ፣ ሽቦውን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ከማስገባቱ በፊት ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ኳ ኳ ኳ። ከዚያ "ቤቶች! ቁልፍ ሠሪው ነኝ፤ በር ልከፍት ነው!" ይልና ይጠብቃል። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ፣ ቁልፉ ጉድጓድ ገብቶበት፣ ዝናብ እየደበደበው ቢሆንም ያንኳኳል።

"ኧረ ጋሽ ኳኳ፣ የምኖረው ብቻዬን ነው! ማን እንዲከፍትልህ ነው?" ይሉታል።

"ምናልባት አንተ የማታውቀው ሰው ይኖር ይሆናል" ይላል።

ልማዱን ያስተማረው አባቱ ነው፤ እሱም ቁልፍ ሠሪ ነበር። "የእኛና የሌባ ሽቦ አንድ ነው፤ እጃችንም አንድ ነው። እሱ አያንኳኳም፣ አንተ ታንኳኳለህ። ይቺን ከተውክ የሚለያችሁ ምንም የለም" ብሎታል አሉ። አንድ ጊዜ ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ የባንክ ሠራተኛ ቁልፉን ቢሮ ረስቶ ጠራው። ጋሽ ኳኳ እንደ ልማዱ አንኳኳ። ከውስጥ አንድ ወፍራም ድምፅ "ማነው?" አለ። ባንከኛው ብቻውን ነው የሚኖረው! ሌባው ደንግጦ አፉ አመለጠው። በመስኮት ዘሎ እግሬ አውጪኝ ሲል፣ ባንከኛው ደግሞ በደረጃው በኩል እግሬ አውጪኝ አለ፤ በር ላይ ብቻውን የቀረው ጋሽ ኳኳ ነው። ይህን ቀን እኔ በዓይኔ አላየሁም፤ ካዩት ሰዎች የተሻለ ግን አውቀዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ቦምብ የፈነዳ ጊዜ የጋሽ ኳኳ የሚስት ወንድም እዚያው ነበር። የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ አንድ እግሩ በሩ ላይ፣ አንድ እግሩ አየር ላይ ሆኖ መንገደኛ የሚጠራ ቀልደኛ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ እግር ብቻ ቀረው። እህቱ ሆስፒታል ሄዳ በጀርባዋ አዝላ ልታመጣው ምንም አልቀራትም። በእነ ጋሽ ኳኳ ሳሎን ውስጥ አልጋ ተዘረጋለት። "የጫማ ወጪዬ በግማሽ ቀነሰ" ይላል እሱ፤ እህቱ ትወጣና ኩሽና ታለቅሳለች።

ያፈነዳው አልተያዘም። ጥቂት ቆይቶ በራዲዮ አዲስ የፀጥታ አዋጅ ታወጀ። የፀጥታ ሰዎች የተጠረጠረ ሰው አለበት ብለው ካመኑ፣ ያለ ፍርድ ቤት ወረቀት ቤት መግባት ይችላሉ። ባለሙያ ሰው ተባበር ከተባለ መተባበር አለበት። ተጠርጣሪን ያስጠነቀቀ፣ ያሸሸ፣ ምልክት የሰጠ ይቀጣል።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ጉድ ፈላ። አንዱ ታክሲ ነጂ "ደግ አደረጉ! የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን አስፈራው?" አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እየሳለ "አንተ የምትደብቀው ከሌለህ ለምን መጋረጃ ሰቀልክ?" አለው።

"ለፀሐይ ነው!"

"ማታስ?"

ሰው ሳቀ። ታክሲ ነጂው ግን አልሳቀም። "አንተ ቀልድ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ነበርኩ። ሰው በታክሲዬ ጭኜ ወስጃለሁ። ወንበሩን እስከ ዛሬ እያጠብኩት ነው" አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ዝም አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብኖር ዝም እል ነበር፤ ይህ ደግሞ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ጋሽ ኳኳ ቤት ደግሞ ሚስቱ አለች። ጋሽ ኳኳ "ያለ ወረቀት እንዴት ሰው ቤት ይገባል?" ቢል "ቦምብ ያፈነዳው ሰውዬ አንኳኩቶ ነው የመጣው?" ብላ አፉን ዘጋችው።

የፀጥታው ኢንስፔክተር ወደ ኪዮስኩ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ወጣት ነው፤ ጫማው የሚያበራ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ያለው። ትሁት ነበር። "አባት፣ የሚከፈት መጋዘን አለን፤ በር መስበር አልፈለግንም። ይርዱን" አለው። ጋሽ ኳኳ ሄደ። አንኳኳ። "ቤቶች! ቁልፍ ሠሪው ነኝ" አለ። ውስጡ ባዶ ጆንያ ብቻ ነበርና ፖሊሶቹ እስኪያነቡ ሳቁ። ኢንስፔክተሩም ሳቀ። ሲለያዩ ግን ትከሻውን ይዞ "ዛሬ ስቀናል አባት። ሌላ ጊዜ ግን ማንኳኳት የለም። አዋጁን ያውቁታል" አለው።

ጋሽ ኳኳ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ሌላው ጊዜ በሳምንቱ ደረሰ። ረፋድ ላይ ፒክአፕ መኪና ኪዮስኩ ፊት ቆመ። "ሽቦዎን ይያዙ፤ ይውጡ።" የት እንደሚሄዱ አልነገሩትም። ከመንገዱ ማዶ ሲያይ የፀጉር ቤቱ መጋረጃ ወርዷል፤ መላጣው የለም። ምነው ዛሬ አረፈደ ብሎ አሰበና ረሳው። መኪናው ውስጥ ግራና ቀኙ መሣሪያ የያዙ ናቸው። አንዱ ወጣት ፖሊስ ጉልበቱ እየዘለለ ነው፤ ፈርቷል። የፈራ ሰው መሣሪያ ሲይዝ፣ አጠገቡ የተቀመጠው የባሰ ይፈራል።

መኪናው ሲቆም ጋሽ ኳኳ ሕንፃውን አወቀው። ደረጃውን ወጡ። ሁለተኛ ፎቅ አለፉ። ሦስተኛው ላይ ኢንስፔክተሩ ወደ ግራ ታጠፈና በጣቱ አንድ በር አሳየው። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ በር።

ቁልፉን የገጠመው ራሱ ነበር።

የነርሷ ቤት ነው። ሌሊት ሌሊት ሆስፒታል ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። ሽማግሌ አባቷ ከአልጋ አይነሱም፤ እጃቸውም አገጫቸውም ይንቀጠቀጣል። ቁልፉን ያስገጠመችው ጊዜ "ጋሼ፣ ጠንካራ ይሁንልኝ። እኔ እንቅልፍ ከያዘኝ ሬሳ ነኝ፤ አባዬ ደግሞ መነሳት አይችልም። ሰው ቢገባ ማን ይደርስልናል?" ብላው ነበር። እሱም ደረቱን ነፍቶ "ይህን በር ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚከፍተው የለም። እኔም ሳላንኳኳ አልከፍተው" ብሏታል። ሰው ሲጎርር ቃሉ ወዴት እንደሚወስደው አያውቅም። እኔ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነው ስለ ራሴ ብዙ የማልናገረው።

ጋሽ ኳኳ በሹክሹክታ "ጌታዬ፣ ይህ እኮ የነርሷ ቤት ነው" አለ።

ኢንስፔክተሩ አፉን ወደ ጆሮው አስጠግቶ "ከመናኸሪያው ቦምብ ጋር የተያያዘ ስልክ ከዚህ ሕንፃ እየተደወለ ነው። የምንፈልገው የነርሷን የአጎት ልጅ ነው። አንድ ነገር ይዞ ሊሆን ይችላል። ድምፅ እንዳይሰማ። ይክፈቱ" አለው።

"አባቷ በሽተኛ ናቸው።"

"እነዚህም ልጆች እናት አላቸው" አለ ኢንስፔክተሩ ፖሊሶቹን እያሳየ። "በሩ ሲከፈት ያ ሰው ተዘጋጅቶ ቢጠብቃቸው ለእናቶቻቸው ምን ልበል? ይክፈቱ አባት።"

ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ለጋሽ ኳኳ ቀላል ነበር።

ተንበረከከ። ቦርሳውን ፈታ። ሽቦውን አወጣ። ከጎረቤት የሽንኩርት ሽታ ይመጣል። የሆነ ቤት ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። ጆሮውን ወደ በሩ አስጠጋ፤ ሥራው ነውና ቁልፍ በጆሮም ይከፈታል። ከውስጥ የሚንጠባጠብ ውኃ ሰማ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ድምፅ፤ ቀስ ያለ፣ የሚፍቅ፣ ቆም እያለ የሚቀጥል። ፍቅ... ፍቅ። ምን እንደሆነ አልገባውም። ነርሷ ተኝታ ከሆነ የሚፍቀው ማነው? ሽማግሌው አይደሉም። እንግዲያው ሰው አለ። ሰውዬው አለ ማለት ነው!

እዚህ ላይ ጋሽ ኳኳ የሚስቱን ወንድም አሰበ። ሌሊት ሌሊት የሌለ እግሩን ሲያክ አሰበ። ይህ ከበሩ ጀርባ የሚፍቀው ሰው እሱን ያደረገው ቢሆንስ? ሽቦውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። የራሱ ሥራ ነውና ሁለት ጊዜ ካጠማዘዘው ይከፈታል፤ አብሮት የኖረ ቁልፍ ነው። ያ ጉልበቱ የሚዘለው ፖሊስ መሣሪያውን አቀባበለ።

ያን ጊዜ የተኛች ሴት ታየችው። ብድግ ስትል። ጣቱን ቃታ ላይ ያደረገ የፈራ ልጅ ታየው። አባቱም ታየው አሉ፤ እኔ ግን ይህን አላምንም፤ ሰው እንደዚያ ሲጨንቀው አባቱን አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው። እጁ ሽቦውን ለቀቀና ወደ ላይ ሄደ።

ኳ ኳ ኳ!

"ቤቶች! ቁልፍ ሠሪው ነኝ፤ በር ልከፍት ነው!"

ኢንስፔክተሩ ኮሌታውን አንቆ ከመሬት አነሳው። "አንተ! ምን አደረግህ አንተ?" አባት የሚባለው እዚያ ላይ አለቀ። ደረጃው ላይ ያሉት ፖሊሶች ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ከላይ ከጣሪያው በኩል የሆነ ነገር ኮሽ አለ፤ ማንም ልብ አላለውም።

ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። "ማነው? ቆይ ቆይ! እጄ ሥራ ላይ ነው!"

ጋሽ ኳኳ ድምፁን አወቀው። ታንቆ ባለበት "መላጣው! አንተ ነህ? የያዝከውን አስቀምጥና በባዶ እጅህ ክፈት! መሣሪያ አለ!" ብሎ ጮኸ።

በሩ ተከፈተ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ሁለት እጁ ወደ ላይ፣ እስከ ክርኑ ሳሙና። ፖሊሶቹ ገፍትረውት ገቡ። አልጋው ላይ ሽማግሌው አሉ፤ ግማሽ ፊታቸው ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው። አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ምላጩ ሳህን ላይ ተቀምጧል። ነርሷ ከጓዳ ፀጉሯ እንደቆመ ወጥታ "ምንድን ነው? አባዬ ሞተ?" አለች።

ቤቱን ፈተሹ፤ አልጋ ሥር፣ ቁም ሣጥን፣ ዱቄት ዕቃ ሳይቀር። የአጎቷ ልጅ የለም። ኢንስፔክተሩ መሐል ክፍል ቆሞ ዞር ዞር እያለ አየ። ከዚያ ያ ኮሽታ አሁን ትዝ ብሎት ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ደረጃውን በሩጫ ወጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ክፍት ነበር። ስልኩ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ ነው። የሚፈልጉት ሰውዬ በጣሪያ ወደ ጎረቤት ሕንፃ ተሻግሮ ሄዷል። የእነሱ የስልክ መከታተያ ሕንፃውን እንጂ ፎቁን አይለይም ኖሯል።

እስከ ዛሬም አልተያዘም።

ጋሽ ኳኳን አሰሩት። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሰፈሩ በሙሉ አዳራሹን ሞላው። ዳኛዋ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ሥራ የበዛባት ሴት ነበረች። ኢንስፔክተሩ ተናገረ፤ አልጨመረም አልቀነሰም። "አንኳኳ። የምንፈልገው ሰው ከላይ ሆኖ ሰማ። አመለጠ። በሩን ተሳስተን ነበር፤ ያም የእኛ ጥፋት ነው። ባያንኳኳ ግን ስህተታችንን አርመን ሳይሰማን ወደ ላይ መውጣት እንችል ነበር" አለ።

ቀጥሎ ፀጉር አስተካካዩ ለምስክርነት ቆመ። መላጣው እዚያ ላይ ነበር ማየት! "ክብርት ዳኛ፣ ሽማግሌው አገጫቸው ስለሚንቀጠቀጥ ትንፋሽ ሲይዙ ጠብቄ ነው የምላጨው። ኳ ሲል ምላጬ እዚህ ጋ ነበር" ብሎ ጣቱን አጠገቡ በቆመው ጥበቃ ጉሮሮ ላይ ሰካ። ጥበቃው ወደ ኋላ ዘለለ። "አያችሁ? እሱ እንኳ በጣቴ ደነገጠ! በሩ ሳይንኳኳ ቢበረገድ፣ እኔም ሰው ነኝ፣ እደነግጣለሁ። ኳ ሲል ግን እጄን አነሳሁ። በር ሲንኳኳ እኮ እጄን ማንሳት ልማዴ ነው!"

ሰው ሳቀ፤ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ግን ጉሮሯቸውን ዳሰሱ።

ዳኛዋ ጋሽ ኳኳን "ከላይ ሰው እንዳለ ታውቅ ነበር?" አለችው።

"አላውቅም።"

"ከውስጥ ምላጭ እንዳለስ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ያዳንከውንም ያስመለጥከውንም አታውቅም ነበር።"

"አላውቅም ክብርት ዳኛ። ስለማላውቅ ነው ያንኳኳሁት።"

ዳኛዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "የተረፉትን ሽማግሌ ስማቸውን አውቃለሁ" አለች። "ያመለጠው ነገ ምን እንደሚያደርግ ግን አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። አዋጁ የተጻፈው ለዚያ ላልታወቀው ነው። ልማድህም እንደዚሁ። እኔ ግን የተቀመጥኩት በአዋጁ ወንበር ላይ ነው።" እስር ትታለት የሥራ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት አገደችው። ኪዮስኩ ታሸገ።

አሁን የምነግራችሁን ስሙ፤ ይህን ከእኔ በቀር ማንም በትክክል አይነግራችሁም። ኪዮስኩን ያሸጉበት ጓጉንቸር የማይረባ ነበር። ጋሽ ኳኳ "የሴት ፀጉር ማስያዣ ይከፍተዋል" አለ። ዓመቱን ሙሉ ታዲያ ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ በርጩማ ይዞ ይቀመጣል፤ ያንን ውርደታም ጓጉንቸር እያየ። መላጣው "ሂድና ክፈተው፣ ማን ያይሃል?" ሲለው "ጓጉንቸሩ ያየኛል" ይላል። ኑሮውን የያዘችው ሚስቱ ናት፤ በሰው ቤት ልብስ እያጠበች።

ሚስቱን ካነሳሁ ዘንድ እዚህ ላይ ነው የባሰው። ሰውዬው ማምለጡን ፍርድ ቤት የሰማች ቀን ማንንም ሳትጠብቅ ወጣች። ቤት ገብታ መኝታ ቤቱን ከውስጥ ቆለፈች። ጋሽ ኳኳ ማታ መጥቶ አንኳኳ። ኳ ኳ ኳ።

"ሂድ" አለችው ከውስጥ። "ወንድሜን የቆረጠው እሱ ቢሆንስ?"

"ባይሆንስ?"

"ቢሆንስ?"

በዓለም ላይ ያለውን በር ሁሉ መክፈት የሚችል ሰው፣ ያውም ቁልፉን ራሱ የሠራው፣ አልከፈተም። ሳሎን ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ከወንድሟ አልጋ ሥር ተኛ። በማግስቱም አንኳኳ፤ አልተከፈተም። እንዲህ ሆኖ ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ።

አንድ ቀን እሑድ ሚስትየዋ ለወንድሟ ፋሻ ስትቀይርለት "አንተስ? አንተ ምንም አትልም እንዴ?" አለችው።

"ምን ልበል?"

"እግርህ እኮ ነው! ያንን ሰውዬ ለቀቀው እኮ!"

ልጁ ቀልዱን ተወ። "እኔም ተናድጄበታለሁ። ሌሊት እሱ መሬት ላይ ሲያንኮራፋ በክራንቼ ልመታው ሁለት ሦስት ጊዜ አስቤያለሁ። ግን እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ያልሽው ነው፤ እኔን የጎዳኝ ሰው አላንኳኳም። ባልሽም እንደሱ እንዲሆንልሽ ነው?"

ፋሻውን ጨርሳ አሰረች፤ ትንሽ አጠበቀችበት።

የዚያን ዕለት ማታ ጋሽ ኳኳ እንደ ልማዱ አንኳኳ። መቀርቀሪያው ተሳበ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ "አሁንም ተሳስተሃል" አለችው። "ብርድ ነው፤ ግባ።"

ገባ። ከዚያ በላይ አልተነጋገሩም፤ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም፤ መላጣው ግን ጠይቆ ተባሯል።

ዓመቱ ሲሞላ ኢንስፔክተሩ እሽጉን ሊፈታ መጣ። ከሳ ብሏል፤ ጫማው ግን ያው ያበራል። ሰፈሩ ተሰብስቧል፤ ሚስቱም አለች። ኢንስፔክተሩ ኪሱን ዳሰሰ። ሌላውን ኪስ ዳሰሰ። ቦርሳውን ገለበጠ። ፊቱ ቀላ።

"የጓጉንቸሩ ቁልፍ..." አለ።

መላጣው ከማዶ "ጠፋ እንዴ?" ብሎ ጮኸ፤ ደስታው ከጥርሱ ፈሰሰ።

ኢንስፔክተሩ ወደ ጋሽ ኳኳ ዞረ። "ይክፈቱት እንግዲህ።"

"እንዴት አድርጌ ጌታዬ? ፈቃዴ ኪዮስኩ ሲከፈት ነው የሚጀምረው። ሳይከፈት ፈቃድ የለኝም፤ ፈቃድ ከሌለኝ ደግሞ አልከፍትም።"

"እኔ ፈቅጃለሁ!"

"በቃል?"

"በቃል!"

ሚስቱ ምንም ሳትል ከፀጉሯ ማስያዣዋን መዘዘችና እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወረደ። ጋሽ ኳኳ ማስያዣውን አቃንቶ በበሩ ፊት ቆመ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ አሁን ሁሉም አወቀ። ቆርቆሮው ላይ፣ ኳ ኳ ኳ።

"ቤቶች! ቁልፍ ሠሪው ነኝ፤ በር ልከፍት ነው!"

ጠበቀ። ዓመት ሙሉ ሰው ያልገባባት ኪዮስክ ናት። ኢንስፔክተሩ እጁን አጣምሮ መሬት መሬት እያየ አብሮ ጠበቀ፤ አላስቸኮለውም። ከባድ መኪና አለፈ፤ ውስጥ ያሉት ቁልፎች ተንጫጩ። ከዚያ ጓጉንቸሩ ጠቅ ብሎ ወደቀ።

"ሒሳቡ ስንት ነው?" አለ ኢንስፔክተሩ ቦርሳውን እያወጣ።

"ይቆይ።"

"ዕዳ አልወድም።"

"እኔም አልወድም ነበር፤ ዓመት ሙሉ ስከፍል ከረምኩ።"

ኢንስፔክተሩ ቦርሳውን እንደያዘ ጠየቀው። "ነገ ለሌላ በር ብጠራዎትስ?"

"እመጣለሁ።"

"ያንኳኳሉ?"

ጋሽ ኳኳ ሚስቱን አየ። እሷ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየች ነው። ከፀጉር ቤቱ በር ላይ ወንድሟ ክራንቹን ተደግፎ ቆሟል።

"አንኳኳለሁ" አለ።

ኢንስፔክተሩ ቦርሳውን ወደ ኪሱ መለሰ። "እንግዲያው የዛሬውም ይቆይ" አለ። "ያን ጊዜ አብረን እንተሳሰባለን።"